ለዘፈን 100,000፣ ለእግር 1,000

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ታናሽ ወንድሜ አናጢ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ ባጃጅ ገጨው። ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬ ይራመዳል፤ ግን ያነክሳል፣ መሰላል ላይም አይወጣም። መሰላል የማይወጣ አናጢ ምን ሊሠራ እንደሚችል እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ ሽማግሌ ገባ። «ትንሽ ታገሱ» ሲሉን፣ እኛም ስንታገስ፣ የክሱ ጊዜ ሊያልፍብን ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መደበኛው ጊዜ 2 ዓመት ነው። ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከሰስን። ሾፌሩ የሰው ባጃጅ ይዞ ገቢ የሚያስገባ ልጅ ነው፤ እጁ ላይ ምንም የለም። ደግነቱ የሕጉ ቁጥር 2081 ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ነበረው፤ እሱ ግን ጣራ አለው።

እናታችን ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። የመድኃኒት፣ የራጅ፣ የክራንች። ዳኛው አንድ በአንድ አዩት። ወጌሻ ግን ደረሰኝ አይሰጥም። ሆስፒታል ያመላለሰን ባጃጅም አይሰጥም (ገጪውም ባጃጅ፣ አመላላሹም ባጃጅ!)። እዚህ ላይ ቁጥር 2102 ደረሰልን፤ ጉዳቱን በትክክል መተመን ሲያቅት ዳኛ በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲወስን ይፈቅዳል። የቀረበት ገቢም፣ ወደፊት የሚቀርበትም ታሰበለት። እስከዚህ ድረስ በሕጉ ቅር አላለኝም።

ከዚያ የኅሊና ጉዳት ካሣ፣ ማለትም ሰው የሞራል ካሣ የሚለው፣ ተነበበ። 1,000 ብር!

ዳኛው ጨክነው አይደለም። ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይፈርዱ እጃቸውን ያስረዋል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 1,000 ብር፣ ብር ነበር። ዛሬ ለበዓል ደህና ዶሮ አይገዛም።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የሞራል ካሣ ከ100,000 ብር ማነስ የለበትም ይላል። ለዘፋኞቹ ይገባቸዋል፣ ምቀኝነት የለብኝም። ግን ዘፈኑ ለተሰረቀበት ትንሹ 100,000፣ እግሩ ለተሰበረ ትልቁ 1,000 እንዴት ይሆናል? ምክር ቤቱ ሙሉ ሕጉን ይከልስ አላልኩም። ያችን አንድ ቁጥር ብቻ ይንካልን።

ወንድሜ በየዓመቱ ጥምቀት በአፄ ፋሲል መዋኛ ባሕረ ጥምቀቱ ሲባረክ ቀድመው ከሚዘሉት አንዱ ነበር። ባለፈው ጥር ግንቡ ሥር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ ሲጠብቅ አየሁት። ጫማቸውን በየጥንዱ ደርድሮ፣ ክራንቹን ጎኑ አጋድሞ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዘዞ፣ ጎንደር