የምግብ ዝግጅት ክበብ በ2017፦ ያለ ኦቨን የሠራነው የበዓል መክሰስ

ዘንድሮ የእኛ ክበብ ዘገባ ትንሽ ረዘም እንዲል አዘጋጆቹን ለምኜ ነው፣ አምና የተሰጠን ቦታ ሁለት ሦስት መስመር ነበርና ብዙ ሰው ምን እንደምንሠራ እንኳን ሳያውቅ ዓመቱ አለፈ። የገናው ፕሮግራም ቀን በወረቀት ኩባያ የታደለው፣ ላዩ ላይ ቀይና አረንጓዴ ስኳር የተነሰነሰበት ነጭ መክሰስ ትዝ ይላችኋል መቼም፣ ያን ቀን ስንቱ ወላጅ "ቲቸር ይሄን ከየትኛው ኬክ ቤት ነው ያዘዛችሁት?" እያለ ጠየቀኝ። ከየትም አላዘዝንም። የራሳችን ልጆች ናቸው የሠሩት፣ ከላብራቶሪው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ኦቨን።

ያለ ኦቨን የምለው ለማጋነን አይደለም፣ ግቢያችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ክበቡ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው እሱም መብራት ካለ። ዳቦና ኬክ እንጋግር ብንል አይቻልም ስለዚ መስከረም ላይ የተነሳነው የማይጋገር ምን አለ ብለን ነው። አሜሪካኖች ለገናና ለልደት የሚሠሩት አንድ መክሰስ አለ፣ ቼክስ የሚባለውን በመረብ ቅርጽ የተሠራ የሩዝ ወይም የበቆሎ ሲሪያል (ደርቆ የሚሸጥ የቁርስ ምግብ) በቀለጠ ቸኮሌት ይለውሱትና ሲደርቅ ቆራርሰው ያቀርቡታል፣ በቃ ይሄው ነው፣ ሙቀት የሚነካው ቸኮሌቱ ብቻ ነው። ቼክሱ እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ በኮርንፍሌክስ፣ ማለትም በስሱ የበቆሎ ሲሪያል፣ ጀመርን፣ እሱም ቢሆን ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ እቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ስለምታውቁት ግማሹን በፈንዲሻ ተካነው። ፈንዲሻው ደሞ በጣም ተስማማው፣ ርካሽ ነው፣ ቸኮሌት ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ቡና ሲፈላ የማይቀር ነገር ስለሆነ ልጆቹም እናቶቻቸው ሲያፈነዱ እያዩ ያደጉበት ነው። ብቻ ያልፈነዳውን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም ያስፈልጋል፣ ጥርስ ይሰብራል፣ ፈንዲሻውም ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት ካልሆነ እንፋሎቱ ቸኮሌቱን ያበላሸዋል።

ቸኮሌት ውሃ አይወድም። ጥቅምት ላይ አንዱ ልጅ ማንኪያውን አጥቦ ሳያደርቅ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ከተተውና አይናችን እያየ ለስላሳ የነበረው ነጭ ቸኮሌት ባንዴ ተጓጎለ፣ ክፍሉ ውስጥ ዝም ተባለ፣ እቃው ውድ ነው ልጆቹም ያውቁታል። እኔ ግን ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸውና ከኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተሻለ ትምህርት ሆነ፣ ቸኮሌት ውስጥ ያለው ስኳር በስብ ተከቦ ደረቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ጠብታ ውሃ ሲገባ ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ውሃ ያለበት የምግብ ቀለምም እንደዛው ያደርገዋል፣ ለዛ ነው ቀለሙን ቸኮሌቱ ውስጥ ሳንጨምር ሳይደርቅ ከላይ ባለቀለም ስኳር የምንነሰንሰው። ነጭ ቸኮሌት ደሞ ቶሎ ይቃጠላል፣ ከ45 ዲግሪ ብዙም ማለፍ የለበትም፣ ቀጥታ ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ድስት ውስጥ ውሃ ይሞቅና ሳህኑ ከላይ ይቀመጣል ግን ታቹ ውሃውን መንካት የለበትም። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው ብሎ ከፍታችንን ጠቅሶ ሲያስረዳ ከእኔ ሳይሆን ከጂኦግራፊ መምህሩ የሰማውን ነው ያመጣው፣ በጣም ነው የኮራሁት። ይሄ ሙቀት ብዙም አያስፈልግም የሚለው ነገር መብራት ሲጠፋም አዳነን፣ የመምህራን ሻይ ቤት እትዬ አንድ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይሰጡናል፣ ድስቱ ውስጥ ገልብጠን ሳህኑን ከላይ ስናደርገው ቸኮሌቱ ቀስ እያለ ይቀልጣል። እትዬ አንድም ቀን እምቢ ብለውን አያውቁም።

ልኩን ለሚፈልግ፣ 6 ኩባያ ኮርንፍሌክስና ፈንዲሻ፣ 1 ኩባያ የተቆላ ለውዝ፣ 300 ግራም ነጭ ቸኮሌት። ቀልጦ ሲወርድ እንደ ክር ካልተቋረጠ ደርሷል ማለት ነው፣ ከላይ አፍስሶ ከስር ወደ ላይ ቀስ እያሉ መገልበጥ ነው፣ ከተማሰለ ይደቃል። የዳቦ ወረቀት ላይ መዘርጋት፣ ባለቀለሙን መነስነስ፣ መተው። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ስላለ የእሱን በሌላ ሳህን በሌላ ማንኪያ ለብቻ ነው የምንሠራው፣ ስሙም ይጻፍበታል።

ስብሰባው ምርጫው ቃለ ጉባኤው ሁሉም በደንቡ ተካሂዷል፣ ፋይሉ ክበባት ማስተባበሪያ አለ፣ የእጅ አስተጣጠብ፣ የጥፍርና የፀጉር ቁጥጥር፣ የወጪ መዝገብ፣ በየሳምንቱ አርብ ከክፍል በኋላ፣ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ማውራት የምፈልገው ስለመርካቶው ነው።

ክበቡ ውስጥ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ አለች፣ ዝምተኛ ናት፣ ማገላበጡን ከሁሉም በላይ የምትችለው እሷ ናት፣ እሷ ያገላበጠችው አንድም ፍሬ አይሰበርም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ግን ሌሎቹ ሲቀምሱ እሷ ጠረጴዛ ታጸዳለች። የምንሠራበት ነጭ ቸኮሌት ወተት አለበት። እና ይቺ ልጅ ጣዕሙን ሳታውቅ በአይኗ ብቻ እያየች አሁን ደርሷል አሁን ይብቃው እያለች ለሌላው ትሠራለች። አንድ አርብ እቃ እያጠብን ቀስ ብላ "ቲቸር ግን እኔም የምቀምሰው መሥራት አንችልም? ፕሮግራሙ እኮ ራሱ ጾም ላይ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትምህርት ቤቱ በዓሉን የሚያከብረው ከታኅሣሥ 29 በፊት ነው፣ ግማሹ ልጅ በወረቀት ኩባያ የተሰጠውን ይዞ ሊያይ ነው ማለት ነው።

ስለዚ መርካቶ ለመሄድ ተነሳን። ጥቅምት ላይ ሸማ ተራ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ወላጆች ልጆቹን ለመልቀቅ ፈርተው ነበር፣ አይፈረድባቸውም፣ አንድ በአንድ ደውዬ እያስፈቀድኩ ጥቂት ልጆች ይዤ ከጊዮርጊስ በተክለሃይማኖት አድርገን በእግራችን ወረድን። ጣፋጭና ብስኩት በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ሱቅ ገባንና ልጆቹ ሥራቸውን ጀመሩ፣ ሥራቸው ማሸጊያው ጀርባ ላይ ያለውን ትንሿን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ጾመኛዋ ልጅ የምትፈልገው ወተት፣ ዌይ (አይብ ሲወጣ የሚቀረው የወተት ውሃ)፣ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሚል እንዳይኖርበት ነው፣ አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ ደሞ ሙስሊም ናት፣ እሷ የምትፈልገው ሐላል የሚል ምልክትና ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ ነው። አንድ ማሸጊያ ሁለቱም ይዘው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያነባሉ። ጾመኛዋ ካካዎ በተር የሚለውን አይታ ልትመልሰው ስትል ሌላዋ "አይ እሱ የካካዎው ፍሬ ስብ ነው ቲቸር ነግራናለች" አለቻት። ማርሽማሎው የሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ላይ ሲደርሱ ጀላቲን አለበት፣ ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ ለአንዷ ጾም ስለሚያፈርስ ለሌላዋ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ስላልተጻፈ፣ ሁለቱም እኩል መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። እኔ ምንም አላልኩም፣ ዝም ብዬ ቆሜ እያየኋቸው ነበር፣ ይሄን ዓመት ሙሉ ስብሰባ ብሰበስብ አላስተምራቸውም።

ባለሱቁ መጀመሪያ "ልጆች ትገዛላችሁ ወይስ ፈተና አለባችሁ?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር፣ "ጋሼ ትንሽ ብቻ ይታገሱን" አሉት፣ ምን እንደሚፈልጉ ሲነግሩት ግን አምፖሉን አበራላቸው፣ ከዛ "ይሄስ የጾም ነው? ደንበኛ ሁሌ ይጠይቀኛል እኔ ምን ብዬ ልመልስ" እያለ ራሱ እቃ ማውረድ ጀመረ። ልጆቹ እያነበቡ ነገሩት እሱም በማርከር ካርቶኑ ላይ ጾም እያለ ጻፈ። ወተት የሌለበትን ጥቁር ቸኮሌት ትንሽ ቀንሶልን ገዝተን ወጣን።

የጾሙ እንዲህ ነው የሆነው፣ 9 ኩባያ ፈንዲሻና ኮርንፍሌክስ፣ 170 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ ግማሽ ኩባያ የለውዝ ቅቤ፣ ለማቅጠኛ ትንሽ ዘይት። ለውዙን ራሳችን ቆልተን ፈጨነው፣ ይሄኛው ለውዝ ለማይስማማው ልጅ በፍጹም አይሰጥም። ተለውሶ ገና ሳይደርቅ አንድ ተኩል ኩባያ የዱቄት ስኳር ያለበት ንጹህ ፌስታል ውስጥ ይገባና ይናጣል፣ ያኔ ውጪው ነጭ ይሆናል፣ ከፍስኩ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ በአይን አይለይም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ፍሬ አፏ ውስጥ ስትከት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እጁን አቁሞ ያያታል፣ አኘከች፣ "ጨው ትንሽ ይፈልጋል" አለች። ጨመርን፣ ልክ ነበረች። እንባዬ መጣ።

የካቲትና መጋቢት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ሲገቡ ክበቡ ቅምሻ አቁሞ በንጽህናና በማሸግ ላይ ብቻ ሠራ፣ ለዒድ የወሰዱትን ልጆቹ ቤታቸው አሽገው ነው የወሰዱት።

ያልተሳካም አለ። ሚያዝያ ሙቀቱ ሲጨምር ታኅሣሥ ላይ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚደርቀው ቸኮሌት አልደርቅ አለ፣ ፍሪጅ የለንም፣ ለፋሲካ ያሰብነው ቀረ። ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ደሞ ዝናቡ ስለገባ እርጥበት ስቦ ለሰለሰ፣ ክዳኑ የሚገጥም እቃ ቢኖረን አይሆንም ነበር። ሰፈራቸው በልማት ተነስቶ ከተማው ዳር የገቡ ልጆቻችንም አሉ፣ አርብ ከሰዓት ከቆዩ ቤታቸው ሲመሽ ነው የሚደርሱት፣ ጎበዝ ጎበዝ አባሎች አጥተናል።

አንድ ነገር ሳልመልስ አላልፍም። በወላጅ ስብሰባ ላይ ልጆቻችንን ስኳር ታበላላችሁ የሚል አስተያየት ተነስቷል። አዎ ስኳር አለበት፣ የበዓል ነገር ነው፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው አንዲት ትንሽ የወረቀት ኩባያ ናት፣ በየሳምንቱ ለትምህርት ቤቱ አናድልም። ግን ልጆቹ ኪዮስክ የሚገዙትን ነገር ማሸጊያ ገልብጠው አንብበው የሚያውቁት ከዚህ ክበብ ነው፣ ስኳሩ ስንተኛ ላይ እንደተጻፈ ይነግሯችኋል፣ እቤት ጠይቋቸው። ለስፖርት ክበብ ኳስና ማልያ ሲገዛ ደስ ይለናል ልጆቹ የእኛም ናቸው፣ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የመዘንነው ከላብራቶሪው በተዋስነው ሚዛን ነው፣ ፈተና ሲደርስ ይወሰድብናል፣ ፈተና ደሞ የሚደርሰው ልክ በዓል ሲቃረብ ነው።

ለ2018 የሚያስፈልገን ይሄ ነው፦ አንድ የኩሽና ሚዛን፣ ክዳናቸው የሚገጥም ሰፋፊ የፕላስቲክ እቃዎች፣ የማይዝግ ብረት ጎድጓዳ ሳህን፣ ያገለገለም ቢሆን የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ። ቤታችሁ የተቀመጠ ካለ ጥበቃ ቤት ብትተዉልን በክበቡ ስም ተመዝግቦ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ምዝገባው መስከረም የመጀመሪያው አርብ ከክፍል በኋላ ነው፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ ወንዶችም ኑ፣ ጾመኛም ኑ፣ ለውዝ የማይስማማችሁም ስታመለክቱ ፎርሙ ላይ ጻፉልን።