ጉልበቱ የተቀየረለት ሰው በዕለቱ ከመሸኘቱ በፊት ስለ ቤቱ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከፊል የጉልበት ቅየራ የተደረገለት ሰው አልጋ ሳይዝ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ መመለሱ በተለያዩ አገሮች እየተለመደ መጥቷል። አሠራሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን ለመሸኘት የሚታየው በሆስፒታሉ ኮሪደር መራመዱ ብቻ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ታካሚ አይበቃም።

ጉልበት ሦስት ክፍሎች አሉት። በከፊል ቅየራ ያለቀው አንዱ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛው፣ ይነካል። የጭኑና የቅልጥሙ አጥንት ጫፍ በስሱ ተነሥቶ ብረት ይለብሳል፣ በመካከሉም ፕላስቲክ ይገባል። መስቀለኛ ጅማቶቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። ቁስሉና ደሙ ከሙሉ ቅየራ ስለሚያንስ በዕለቱ መቆም ይቻላል።

በዕለቱ የመሸኘቱን ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ማደንዘዣው ነው። የጀርባው መርፌ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ወይም ሞርፊን ያለበት ከሆነ እግር ቶሎ አይነቃም፣ ሽንት ይያዛል፣ ያስመልሳል። ብሽሽት ላይ የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ የጭን ጡንቻን ስለሚያዝል ጉልበት ይከዳል፤ ዝቅ ብሎ በጭን መካከል የሚሰጠው ግን ጡንቻውን እምብዛም ሳያዝል ሕመሙን ይቀንሳል። ከከተማ ዳር ለሚመጣ ሰው የቀኑ የመጀመሪያ ተራ ይሰጠው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል የገባ ከመምሸቱ በፊት በዎከር ተራምዶ፣ ሸንቶ፣ የበላው ረግቶለት፣ ደረጃ ወጥቶና ወርዶ መሄድ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ይደር።

ደረጃውን በአምስት እርከን ፈትኖ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መላክ ግን ፈተና አይባልም። ሲወጣ ደህናው እግር፣ ሲወርድ የታመመው ይቅደም፤ አንድ እጅ መደገፊያውን ይያዝ፣ ረዳቱ ሲወጣ ከኋላ፣ ሲወርድ ከፊት ይሁን። ከዚያ የባሰው ሽንት ቤቱ ነው። አዲስ የተቀየረ ጉልበት ቁጢጥ ማለት አይችልም። ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ያለው ከሌለ፣ መሐሉ የተቆረጠ ጠንካራ ወንበርና ከሥሩ ባልዲ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይዘጋጅ። ግቢ ውስጥ ጭቃ ረግጦ በሌሊት መሄድ መውደቅን መጋበዝ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት አብሮት የሚያድር አዋቂ ሰው ከሌለም አይሸኝ።

በነርቭ ላይ የተሰጠው መርፌ ኃይሉ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በዚያች ሌሊት፣ ሰፈሩ ውስጥ ፋርማሲ በተዘጋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁሉ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ እጅ ይግባ። ሐኪሙ ካልከለከለ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ ሕመሙ ሳይጠና በፊት ይወሰዳል። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ኩላሊቱን ወይም ጨጓራውን ለሚያመው ሰው አይሆኑም። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ ፋሻው እንዳይርስ። ቤተሰብ በርኅራኄ ትራስ ከጉልበቱ ሥር ይሸጉጣል፤ ጉልበቱ ታጥፎ እንዳይቀር ትራሱ ከተረከዙ ሥር ይሁን።

እብጠትና ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የቆዳ መበለዝ የሚጠበቅ ነው። ባት ጠጥሮ ካመመ ግን ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት አደገኛ ነው፤ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ካለ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሆስፒታሎች ሲሸኙ በሌሊት የሚነሣ የስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይስጡ፣ በማግሥቱም ራሳቸው ይደውሉ።

የአጥንት ሕክምና ነርስ፣ ከቱሉ ዲምቱ