ውሻችንን ዳማን አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ወዳጆቻችንና የሕክምና ባለሙያዎች፤

ለ14 ዓመታት አብሮን የኖረው ውሻችን ዳማ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በቅርቡ ተለይቶናል። በአገራችን ለውሻ ሞት የምስጋና መልእክት መጻፍ ያልተለመደ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም በሕመሙ ወራት የተደረገልን ብዙ በመሆኑ ዝም ማለት ውለታ መርሳት ሆኖ ታየን።

ከሁሉ አስቀድመን በቢሾፍቱ ዳማን መርምረው እስከ መጨረሻው የተከታተሉልንን የእንስሳት ሐኪም እናመሰግናለን። የደም ምርመራው ኩላሊት ከደም ሊያስወግዳቸው የሚገቡት ቆሻሻዎች፣ ክሬያቲኒንና ዩሪያ፣ እጅግ መጨመራቸውን ባሳየ ጊዜ፣ ሕመሙ ቀደም ብሎ ለምን እንዳልታወቀ ደጋግመን ጠይቀናቸው ነበር። እርሳቸውም ከኩላሊት ሥራ ሁለት ሦስተኛው ያህል እስኪጠፋ ድረስ ምልክቱ በአብዛኛው ተሰውሮ እንደሚቆይ፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣትና መክሳት የሚታዩትም ከዚያ በኋላ እንደሆነ፣ የተጎዳው ክፍል ስለማያገግም የሚቻለው የቀረውን ማገዝ ብቻ መሆኑን ሳይሰለቹ አስረዱን። በማይሆን ተስፋ ስላላታለሉን እናከብራቸዋለን።

ውሻ አንጭንም የሚለው በበዛበት ከተማ፣ ከኮተቤ ቢሾፍቱ ድረስ እየወሰደ የመለሰን የሚኒባስ ሾፌር ወንድማችንም ምስጋናችን ይድረሰው።

ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛዋ ሲስተር ያደረጉልን ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሐኪሙ ያዘዙት ሪንገር የተባለው ፈሳሽ በየዕለቱ ከቆዳው ሥር መሰጠት ነበረበትና፣ ከረጢቱን በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ሰቅለው፣ የትከሻውን ቆዳ ሳብ አድርገው መርፌውን የሚያስገቡት እርሳቸው ነበሩ። ለሰው ልጅ ከሚያደርጉት ምንም አላጎደሉም፤ እንዲያውም ዳማ ከእኛ ይልቅ ለእርሳቸው ይታዘዝ ነበር።

አጥንት በየሳምንቱ ሲያስቀምጡለት የኖሩት የሥጋ ቤቱ ጋሼ፣ ፎስፈረሱ የታመመ ኩላሊት ስለሚጎዳ እንዲቀር ሲነገራቸው ሳይቀየሙ ተቀብለዋል። ዳማ እናታችንን ለኪዳን ሸኝቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሲጠብቃት ያለፈ ያገደመ እንዳይመታው ይከለክሉለት የነበሩትን የደጁን ጥበቃም እናታችን በተለይ አመስግኑልኝ ብላለች።

ምግብ ፈጽሞ እምቢ ብሎ መቆም ባቃተው ጊዜ፣ ሐኪሙ በመንገድ እንዳይንገላታ ብለው እቤት ድረስ መጡልን። መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ደግሞ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ከመጠን ከፍ ያለ ማደንዘዣ በደም ሥሩ ሰጡት። ዓይኑ ሳይከደን ሊቀር፣ ከሞተ በኋላም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል፣ ይህም የሥቃይ ምልክት አለመሆኑን ቀድመው ባይነግሩን ኖሮ ያቺ ሰዓት ትከብደን ነበር።

መድኃኒቱ በሬሳው ውስጥ ስለሚቆይና የሚበላውን አውሬ ሊገድል ስለሚችል፣ መቃብሩ ጥልቅ እንዲሆን አሳስበውን ነበር። በእኛ ሰፈር ሌሊት ጅብ ከተራራው ስለሚወርድ ጉዳዩ የዋዛ አልነበረም፤ ጠንካራውን መሬት በዶማ ቆፍረው፣ ከላይ ድንጋይ ለደረደሩልን የሰፈራችን ወጣቶች ምስጋናችን የላቀ ነው።

«ለውሻ ደግሞ ልቅሶ?» ያሉም አልጠፉም፤ አንቀየማቸውም። የእድራችን ዳኛ መተዳደሪያ ደንቡ ስለ ውሻ ምንም እንደማይል ፈገግ ብለው ካስታወሱን በኋላ፣ ማምሻውን ከባለቤታቸው ጋር ቡና ቆልተው ሊያጽናኑን መጥተዋል። ከዋሽንግተን እየደወለች ከእኛ እኩል ያለቀሰችውን እህታችንንም በዚሁ እናመሰግናለን፤ ቡችላ ሳለ በጋቢዋ አቅፋ ያመጣችው እርሷ ናት።

ሳይከፈቱ የተረፉትን የሪንገር ከረጢቶችና መርፌዎች፣ መግዣ ላጡ ባለውሾች እንዲውሉ ለሐኪሙ አስረክበናል። በአካል ተገኝተን ያላመሰገንናችሁ ካላችሁ ይህን መልእክት ለእናንተ እንደተጻፈ ቁጠሩልን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዳማ ቤተሰብ
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ