ደብዳቤ ለልጄ፦ ፊከስሽ አልሞተችም

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ያቺ የምትወጂያት የቤት ውስጥ ተክልሽ፣ ፊከስ፣ ቅጠሏ እንዲህ ረግፎ ሳይ አንጀቴን በላኝ። ግን አልሞተችም፤ እንዳትጥያት።

«ውሃ ባጠጣኋት ቁጥር ይብስባታል» ብለሽኛል። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከጣሳው አውጥተሽ ወደ ሸክላው ስታዛውሪያት ቀጫጭን ሥሮቿ ተበጣጥሰዋል። ውሃ የሚስቡላት ደግሞ በዋናነት እነሱ ናቸው። ስለዚህ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ይጠማል። አንቺ መጠውለጓን አይተሽ ትጨምሪያለሽ። አፈሩ ውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፤ የተረፉት ሥሮችም ይበሰብሳሉ። ቅጠል የምታራግፈው እኮ ሥሯ ሊመግበው የሚችለውን ያህል ብቻ ለመያዝ ነው።

እንግዲህ ውሃ ከማንሳትሽ በፊት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ደርቆ ካገኘሽው ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጫት፤ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊው። ርጥብ ከሆነ ተያት። ሸክላው ቀዳዳ አለው አይደል? ከሌለው ቀዳዳ ወዳለው አዛውሪያት፤ ያኔም ሥሯ ላይ የያዘውን አፈር አታራግፊ። ካለው ግን «ሥሯ እንዴት ሆነ» ብለሽ እንዳትነቅያት፣ አደራ።

ድሬ ደግሞ እንደ ሐረር አይደለችም። እኛ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ እናንተ 1,200 አካባቢ። ያ ሙቀትና ደረቅ አየር ከቅጠሉ ላይ ውሃውን ይመጥጠዋል። ቬንቲሌተሩ ፊት ለፊት እንዳትሆን፤ ፎቶው ላይ አጠገቧ አይቼዋለሁ። የከሰዓቱ ፀሐይም አይንካት። የጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ አድርጊያትና እዚያው ትሁን። ፊከስ ቦታ ሲቀያየርባት አትወድም፤ ለዚያ ብቻም ቅጠል ትጥላለች።

ቅጠሏ ላይ ውሃ ርጪ የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ አልመክርሽም። በድሬ ሙቀት ወዲያው ይደርቃል፣ ውሃችሁ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ቅጠሉ ላይም ይተዋል። ሌሎቹን አበቦችሽን አጠገቧ ብታሰባስቢ ይሻላል፤ እርስ በርሳቸው አየሩን ያረጥቡታል።

ማዳበሪያ አሁን እንዳታስቢው። የቆሰለ ሥር ያቃጥላል። አዲስ ቅጠል ማውጣት ስትጀምር ትደርሺበታለሽ። እሱም ሳምንታት ይወስዳል፣ አቦ አትቸኩይ።

እስከዚያ ልብሽ እንዲያርፍ አንዱን ቅርንጫፍ በጥፍርሽ ትንሽ ጫር አድርጊው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ነጭ ወተቷ ሲነካሽ ያሳክካል፤ እጅሽን ታጠቢ። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ግንዱ ጠጋ ብለሽ ሞክሪ፤ ጫፉ ደርቆ ወደ ግንዱ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። አረንጓዴውን እስክታገኚ ድረስ መቀስ አታንሺ።

የጫርሽውን ቦታ ፎቶ አንስተሽ ዛሬ ማታ ላኪልኝ።

እናትሽ፣ ከሐረር