ደመወዙን ገበያው ይወስን፤ የፋብሪካውን ጣሪያስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ደመወዝንም ዋጋንም ገበያው ይወስን፣ መንግሥት ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ እጁን ያውጣ የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ጸሐፊው ያሉት ሁሉ ስህተት አይደለም። በእኛ ፋብሪካ ደመወዝ ከፍ ያለው ሌላ ፋብሪካ ተከፍቶ ጎበዝ ጎበዞቹን ሰፊዎች መውሰድ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ አለቆቻችን ስማችንን ሳይቀር አወቁት። መንግሥት የሚያወጣው የዋጋ ተመንም ቢሆን ሸቀጡን ከመደርደሪያ ወደ ጓሮ በር ከማሻገር ያለፈ ሲፈይድ አላየሁም። ቻይናም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1978 ማሻሻያ ጀምራ ለገበያው በር ከከፈተች ወዲህ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝቧ ከድህነት ወጥቷል።

«ሠራተኛው ካልተስማማው ይልቀቅ» የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ የቀረ ደመወዙን እንደሚያጣ የተነገረውም ነበር። ስንጥቁን ሁሉም አይቶታል። የወር ቤት ኪራይ ያለባት ሰፊ በዚያ ጠዋት በየትኛው አቅሟ ትደራደር?

መንግሥት ነበረ ወይ ከተባለ፣ ነበረ። የግንባታ ደንብም ነበረ፤ የላይኞቹ ፎቆች ግን ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። ስለዚህ «ሕግ ይውጣ» ብቻ የሚሉትም አያረኩኝም። መርማሪ የማይልክ ሕግ ለፋብሪካ ባለቤት የግድግዳ ጌጥ ነው።

ከአደጋው በኋላ ለውጥ ያመጣው ታዋቂ የልብስ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የፈረሙት አስገዳጅ ውል ነው። ገለልተኛ መሐንዲሶች ፋብሪካዎቹን መረመሩ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፣ ሠራተኛውም አደገኛ ሕንፃ ውስጥ አልገባም የማለት መብት አገኘ። ውሉን የፈረሙት ነጋዴዎች ናቸው፤ የፈረሙት ግን የዓለም ዓይን ሁሉ እነርሱ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የሕንፃ ምርመራውንም ለገበያው ይተዉታል?

አንድ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ