ሦስተኛው ጀሶ ላይ እንዳይቀሩ፦ ከጅማ የድጋፍ ጥሪ

ለጅማ ነዋሪዎች፣ ለአጋሮ፣ ለሰቃና ለዴዶ ወገኖቻችን፣ በሩቅም ላላችሁ የጅማ ልጆች፤

ቆልማማ እግር፣ ማለትም ወደ ውስጥ የታጠፈ እግር፣ ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን ለማሳከም ከገጠር ለሚመጡ እናቶች ማደሪያ ልናዘጋጅ ነው፤ እጃችሁን እንድትዘረጉልን እጽፍላችኋለሁ። ከ20 ዓመት በላይ ስፖርት አስተምሬያለሁ። እግሩ የታመመ ልጅ ክፍሌ ሲገባ ጥላ ሥር አስቀምጬ የጓደኞቹን ሹራብ አስጠብቀው ነበር። ያዘንኩለት መስሎኝ ነው። ዛሬ ይቆጨኛል።

ዊልማ ሩዶልፍ የምትባል አሜሪካዊት ጥቁር ሯጭ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1940 በቴነሲ ግዛት ቀኗ ሳይደርስ ተወለደች፤ ለአባቷ ከ22 ልጆች 20ኛዋ ናት። በሕፃንነቷ የልጅነት ልምሻ ግራ እግሯን ያዘው። ያኔ ጥቁርና ነጭ ተለይቶ ነበር የሚታከመው፤ በሚኖሩበት በክላርክስቪል ለእሷ የሚሆን ሕክምና አልነበረም። እናቷ ሰው ቤት እየሠራች የምታድር ሴት ነበረች። ግን በየሳምንቱ ልጇን ይዛ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ናሽቪል በአውቶቡስ ተመላለሰች፤ ሁለት ዓመት ያህል። ቤት ሲገቡ ደግሞ እህት ወንድሞቿ ከእናቷ ጋር እየተፈራረቁ በቀን አራት ጊዜ እግሯን ያሹላት ነበር። ብረት አሰረች፣ ከብረቱ በኋላ ልዩ ጫማ አደረገች፤ 12 ዓመት ሲሆናት ያለ ምንም ድጋፍ ትራመድ ጀመር።

በ16 ዓመቷ በሜልቦርን ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል ነሐስ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1960፣ 200 ሜትርን በ22.9 ሰከንድ ሮጣ ከ23 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት በሮም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ ወሰደች። የመጨረሻውን ወርቅ ካጠለቀች ሁለት ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ እዚያው ሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። የአበበን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ! የእሷን ግን፣ ሹራብ ለሚጠብቁት ልጆች እንኳ፣ ነግሬ አላውቅም።

እኔን የያዘኝ ወርቁ አይደለም፤ ያ የአውቶቡስ መንገድ ነው። ልምሻን ክትባት አስታግሶልናል፤ ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ልጆች ግን ዛሬም አሉ። ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረለት፣ በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረለት እግሩ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን እግር በዘንግ የሚያያይዝ ጫማ አለ፤ መጀመሪያ ቀንም ማታም፣ ቀጥሎ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረግለታል። ከተቋረጠ እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። እናት ሦስተኛው ጀሶ ላይ የምትቀረው ልጇን ስላልወደደች አይደለም። የሚኒባስ ሒሳብ አጥታ ነው፤ ቡና ለቀማ ደርሶባት ነው፤ ከተማ ውስጥ የምታድርበት ዘመድ ስለሌላት ነው።

በእድራችን ግቢ አንድ ክፍል አለን። ጣሪያው ደህና ነው፣ ወለሉ አፈር። እሱን ሲሚንቶ አልብሰን፣ ፍራሽ አንጥፈን፣ ከገጠር ልጅ አዝለው ለሚመጡ እናቶች ማደሪያ ልናደርገው ተስማምተናል። የመመለሻ ሒሳባቸውንም ከዚያው እንሸፍናለን።

50 ብር ያለው 50 ብር ይስጥ። ገበሬ ወንድሞቻችን፣ ጀንፈል በጣሳም ቢሆን እንቀበላለን፤ ሸጠን ገንዘቡን እንመዘግባለን። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ የምትጠርቡ እጆች፣ ልጆቹ ይዘውት መቆም የሚለማመዱበት መደገፊያ ሥሩልን። ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ጀሶ ያለው ሕፃን የያዘች እናት ስትሳፈር አስቡን። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

ክረምቱ ሳይገባ ወለሉን መጨረስ አለብን። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ክፍት ነው፣ ቡናም ይፈላል፤ ክፍሉን መጥታችሁ እዩት።