የኔትወርክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ማን ይለፍ፣ ማን ይቅደም

የኔትወርክ ክበብ ዘንድሮ 14 አባላት ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሲሠራ ከርሟል። የመጀመሪያው መንፈቅ ኬብል በማበጀትና ዋናውን ስዊች (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን መሣሪያ) በቪላን፣ ማለትም በተለያዩ ንዑስ ኔትወርኮች፣ በመከፋፈል አለቀ፦ ቢሮዎች በ10፣ ቤተ ሙከራው በ20፣ ሰርቨሮች በ40። ከዚያ እስከ ሰኔ የተሠራው ሁሉ አክሰስ ሊስት፣ ማለትም ማን እንደሚያልፍ የሚወስን ዝርዝር፣ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ ሞዴል ፈተናችንም በቤተ ሙከራው እንዲሆን ተወሰነ። ስለዚህ ከተማሪ ኮምፒውተር ወደ ሬጅስትራር ቢሮ የሚወስደው መንገድ መዘጋት፣ የፈተናው ገጽም ከሌላው ሁሉ መቅደም ነበረበት።

ደረቅ ወደብ ባለባት ኮምቦልቻ ለሚያድጉ ልጆች ነገሩን በከባድ መኪና ማስረዳት ይቀላል። በር ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ የያዘውን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያነባል እንበል። መኪናው ከአንዱ መስመር ጋር እንደገጠመ እዚያው ይወስናል፤ ከዚያ በታች የተጻፈውን አያየውም። ከአንዱም ካልገጠመ ይመልሰዋል። ስዊቹም በእያንዳንዱ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በዝርዝሩ ግርጌ ሳይጻፍ የሚሠራ «ሁሉንም ከልክል» አለ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጻፉት ዝርዝር አንድ ዲናይ (ከልክል) ብቻ ነበረው። ቢሮውን ይዘጋል ሲሉ ቤተ ሙከራው በሙሉ ተዘጋ።

የተስተካከለው ዝርዝር በዋናው ስዊች የቪላን 20 ኢንተርፌስ (ከቪላኑ ወደ ሌላው መውጫ በር) ላይ፣ በመግቢያ አቅጣጫ ተቀመጠ። መስመር 10 ፐርሚት (አሳልፍ) ነው፦ ዩዲፒ የተባለው የመላኪያ ዓይነት፣ ከማንኛውም አድራሻ ፖርት (የአገልግሎት ቁጥር) 68 ወደ ማንኛውም አድራሻ ፖርት 67፤ ኮምፒውተር አድራሻ የሚጠይቀው በዚህ ነው። መስመር 20 ከ192.168.20.0 (ከቤተ ሙከራው) ወደ 192.168.10.0 (ወደ ቢሮዎቹ) የሚሄደውን ይከለክላል። መስመር 30 ከ192.168.20.0 የተነሣውን የቀረ ሁሉ ያሳልፋል። ቁጥሮቹ በ10 የሚዘሉት መሀል ላይ መስመር ለማስገባት ነው፤ መስመር 15 የገባው እንዲሁ ነው። ቢሮው በቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ሲከፍት ጥያቄው ይደርሳል፣ መልሱ ግን መስመር 20 ላይ ይቀራል። አክሰስ ሊስት ማን ቀድሞ እንደጠየቀ አያስታውስምና። መስመር 15፣ «ኢስታብሊሽድ» (ቀድሞ የተጀመረ ግንኙነት) የሚለው ቃል የተጨመረበት የቲሲፒ (ፋይሉ የሚላክበት የመላኪያ ዓይነት) ፐርሚት፣ መልሱን አሳለፈው። ፒንግ (መድረሱን መሞከሪያ መልእክት) ግን ቲሲፒ ስላልሆነ አሁንም አይመለስም፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

መስመር 10 ቀላል ይመስላል፤ ሲጎድል ግን ጥፋቱን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ አስፈልጓል። ገና አድራሻ ያላገኘ ኮምፒውተር መነሻው 0.0.0.0 ስለሆነ «ከ192.168.20.0» ከሚለው መስመር ጋር አይገጥምም። አስቸጋሪው ነገር ቀድሞ አድራሻ የያዙት እንደልባቸው መሥራታቸው ነው። አዲስ የተሰካው ብቻ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፣ ሰውም ኬብሉን ይጠረጥራል።

ሌላው ማስኩ፣ ከአድራሻው የትኛው ቁጥር እንደሚመሳከር የሚናገረው፣ ነው። እዚህ የሚገባው የተገለበጠው 0.0.0.255 ነው፦ 0 ባለበት ይመሳከራል፣ 255 ባለበት ይታለፋል። አንድ ቡድን እንደለመደው 255.255.255.0 ጻፈ፤ ስዊቹም ሳይቃወም ተቀበለ። ዝርዝሩን በሚያሳየው ትእዛዝ «ሾው አክሰስ-ሊስትስ» ሲባል መስመሩ 0.0.0.0 255.255.255.0 ሆኖ ወጣ። ትርጉሙ «የመጨረሻ ቁጥሩ 0 የሆነ አድራሻ» ነው፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በቤተ ሙከራው የለም። የክበቡ ልጆች ከዚያ ወዲህ የጻፉትን ሳይሆን ስዊቹ የያዘውን ያነባሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ካገኙት ሁሉ ይህን ልማድ አስበልጣለሁ።

ቅድሚያ መስጠቱ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለክላስ ማፕ (ፓኬቶችን በክፍል ለሚለየው) በሚጻፍ አክሰስ ሊስት ውስጥ ፐርሚት ማለት «ይለፍ» ሳይሆን «ከዚህ ክፍል ይቆጠር» ማለት ነው። አቅጣጫውም ያሳስታል። ልጆቹ በመጀመሪያ ከተማሪ ወደ ፈተና ሰርቨር የሚሄደውን ጻፉ፤ ያ ግን ትንሽ ጥያቄ ብቻ ነው። ከባዱ ገጽ የሚመጣው ከሰርቨሩ ነው። ስለዚህ መነሻው 192.168.40.5፣ የመነሻ ፖርቱ 443 ተብሎ ተጻፈ፤ ሰርቨሩ በሚገባበት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ላይ የዲኤስሲፒ ምልክት (የቅድሚያ ቁጥር) 26 ተሰጠው፤ ወረፋው ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራ በሚወጣው ፖርት ላይ ተዘጋጀ። ያ ፖርት 100 ሜጋቢት ነው፤ ከፋይል ሰርቨሩ ወደ 20 ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ሲገለበጥ ይሞላል፣ ቅድሚያውም የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ሁሉም እኩል ያልፋል። ኢንተርኔቱን ያፈጥናል ብሎ የጠበቀ ካለም አያፈጥንም፤ ከውጭ የሚመጣው ወረፋ የሚይዘው ከእኛ ስዊች ማዶ ነው።

ዝርዝር ከተጻፈ በኋላ ነው ኢንተርፌሱ ላይ የሚደረገው። መስመር የሌለው ዝርዝር ስሙ ብቻ አስቀድሞ ከተደረገ የመጀመሪያው መስመር በተጻፈ ቅጽበት ያ ያልተጻፈው ክልከላ ሥራ ይጀምራል፤ በኔትወርኩ በኩል የገባውም ሰው ራሱን ይቆልፋል። ስለዚህ በቅድሚያ ኮንፊጉን (የስዊቹን ቅንብር) ሴቭ፣ ከዚያ «ሪሎድ ኢን 10» (በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተሰረዘ ስዊቹ ዳግም ተነሥቶ ሴቭ ወደተደረገው ይመለሳል) ማዘዝ፤ ሁሉ ከሠራ ሪሎዱን ሰርዞ እንደገና ሴቭ ማድረግ። ሴቭ ያልተደረገ ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ያልተዘጋው በቪላን 20 ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ነው፤ ዋናው ስዊች የቪላን ኢንተርፌስ ጋ ስለማይደርስ ዝርዝሩ አይነካውም። እሱ በቤተ ሙከራው ስዊች በየፖርቱ የሚደረግ ዝርዝር ይፈልጋል። የ10ኛ ክፍል አባላት ረቂቁን በደብተር ጀምረውታል፣ መስከረም ላይ ከዚያ ይቀጥላል።